ያልወሰድነው ቤት

«አባዬ፣ ለመጣው ሰው ሁሉ አትነሣ፤ ጉልበትህን ያምሃል» አለች ሩቲ።

ቶሎሳ ግን ተነሣ። የመጡት የወረዳው ሰዎች ነበሩ፤ አምስቱም ተራ በተራ እጁን በሁለት እጃቸው እየያዙ «እግዚአብሔር ያጽናዎት» አሉት። እሱም አምስት ጊዜ «አሜን» አለና ተቀመጠ። ወዲያው ደግሞ ሌሎች መጡ።

ሚስቱ ደሳለች ከተቀበረች ሦስተኛ ቀኗ ነው። የእድሩ ድንኳን ቀጨኔ ዳገቱ አናት ላይ፣ የመንገዱን ግማሽ ይዞ ተተክሏል። ለቅሶ የሚመጣው ሰው እያለከለከ ስለሚደርስ መጀመሪያ ትንፋሹን ይሰበስባል፤ ከዚያ ነው የሚያለቅሰው።

ከኋላው ከተቀመጡት ሴቶች አንዷ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ያን ሁሉ ዓመት ባለሥልጣን ሆና ይችን ቤት እንኳ አላሳደሰችም» አለች።

«ምን ብላ ታሳድሳለች? ሌላ ቤት አላቸው ይባላል። የእማማ ሾዴን ቤት ማን የወሰደው መሰለሽ?»

ቶሎሳ ሰምቷል። አንገቱን አዙሮ ለማየት ግን አቅም አልነበረውም።

ደሳለች ለወረዳው ምክር ቤት የተመረጠችው ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሆና በየቤቱ ስትዞር ስለኖረች የማያውቃት አልነበረም፤ ምክር ቤቱም ዋና ሥራ አስፈጻሚ አደረጋት። ቶሎሳ ያኔ የከተማ አውቶቡስ ይነዳ ነበር። የሚያውቀው ተሳፋሪ ሲገባ «ሚስቴ ተመረጠች» እያለ መሪውን መታ መታ ያደርግ ነበር።

ቢሮ በገባች በመጀመሪያው ሳምንት ያስቀደመችው የወንዙን ዳር ገደል ነው። እዚያ ላይ አሥራ አንድ አባወራ ይኖራል። ምክትሏ ኡርጌሳ ሊመክራት ሞክሮ ነበር።

«መንገዱን ብታስቀድሚ ይሻላል። መንገድ ሰው ያየዋል።»

«ገደሉ ሲናድም ሰው ያየዋል» አለችው።

ክረምት ሳይገባ ሁሉንም አስነሣቻቸው። የሰደባት ነበር፣ ደጇ ድረስ መጥቶ ያለቀሰባትም ነበር። ከተነሺዎቹ አንዷ የሆኑትን የእማማ ሾዴን ፍራሽ ራሷ ተሸክማ አወጣች። ነሐሴ ላይ ገደሉ ከነግድግዳው ወንዝ ገባ። ሰው ስላልሞተ ግን ማንም አላመሰገናትም።

ለአሥራ አንዱም ምትክ ቤት ተብሎ ነበር። ሰባቱ አገኙ፤ አራቱ ቀሩ።

ከስድስት ዓመት በፊት፣ የቀሩት አራት ቤቶች በመጨረሻ ሲደርሱ፣ አንድ ቀን ማታ እራት ላይ፣ የሌላ ሰው ወሬ እንደምታወራ ሁሉ «ከአራቱ ቤቶች አንዱን አንቺ ውሰጂው እያሉኝ ነው» አለችው። ሁለት ክፍል ነው፤ የራሱ ቧንቧ አለው።

«ውሰጂያ!» አለ ቶሎሳ። «ሩቲ እኮ ይኸው ትልቅ ልጅ ሆና ከእኛ ጋር ነው የምትተኛው።»

«የሾዴ ነው።»

«ሾዴ ትጠብቃለች። አንቺ ብትተዪው ሌላው አይወስደውም?»

እጇን ታጠበችና ከማዕዱ ተነሣች። በማግስቱ አልፈልግም ብላ በጽሑፍ መለሰች፤ የአራቱንም ቤቶች ጉዳይ ምክር ቤቱ ፊት አቀረበችው። ቤቱን ሌላ ሰው ወሰደው። ዓመት ሳይሞላ ደሳለች ከወንበሯ ተነሥታ ተራ የምክር ቤት አባል ሆነች። ቶሎሳ ሁለት ወር ሙሉ «ጨው አቀብዪኝ» ከማለት በቀር አላናገራትም። ሦስቱን ቀን እንቅልፍ የነሣው ይኸው ነው።

ከሰዓት በኋላ እማማ ሾዴ በከዘራ እየተደገፉ ድንኳኑ ውስጥ ገቡ። ከሰባ ዓመት አልፏቸዋል። ከኋላ ያሉት ሴቶች በክርን ተጎሻሸሙ። ሩቲ አባቷን ቀና ብላ አየችው። አሮጊቷ አላለቀሱም፤ እግዜር ያጽናህም አላሉ።

«ቶሎሳ፣ ለብቻህ ላነጋግርህ» አሉት።

ቤት ገቡ። ሾዴ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው፣ ዝናብ እየገባበት የቡና አተላ የመሰለውን ኮርኒስ ረዘም ላለ ጊዜ ተመለከቱ።

«ሚስትህ ሽሮ ሜዳ የተከራየሁት ክፍል ድረስ በየወሩ ትመጣ ነበር» አሉ። «ዛሬም የለም እማማ፣ ልትለኝ። መልስ ያጣ ሰው መምጣቱን ይተዋል፤ እሷ አልተወችም። አንድ ነገር ልጠይቃት ብዬ ፊቷን ሳየው ድክም ብሏታል፤ እተወዋለሁ። ቤቴን የወሰዳችሁት እናንተ ናችሁ ይባላል። እውነት ነው?»

አይደለም ቢል ይበቃ ነበር፤ ውሸትም አይሆንም። ነገር ግን ደክሞታል።

«አልወሰድነውም» አለ። «ግን ውሰዱ ተብለን ነበር። እሷ እምቢ አለች። ውሰጂው ብዬ የተጣላኋት እኔ ነኝ። የእርስዎ መሆኑን እያወቅሁ።»

ውጭ መዘምራኑ መዝሙር ጀመሩ። ሾዴ ከዘራቸውን ሁለት እጃቸው መሃል አዟዟሩት።

«ታዲያ ለምን አልነገረችኝም? ሰው ሁሉ በእሷ እያወራ?»

«እ... ባልሽስ ምን አለ ብለው ቢጠይቋት... ማለቴ፣ ከነገረችዎት እኔም...»

ነገሩ ገና አሁን ነበር የገባው። ስድስት ዓመት ሙሉ ሐሜቱን ችላ የኖረችው የእሱ ስም እንዳይነሣ ብላ ነው። አልጋው አጠገብ ተንበረከከ። ቀብር ላይ ያልመጣው ልቅሶ አሁን መጣ፤ ድምፅ የለውም፣ ትከሻውን ብቻ ይንጠዋል።

ሾዴ አልዳሰሱትም፣ አላባበሉትምም። ልቅሶው እስኪወጣለት ጠበቁት።

ከዚያ ተያይዘው ወጡ። ቶሎሳ አሮጊቷ በቀጥታ ወደ መንገዱ የሚሄዱ መስሎት መንገድ ለቀቀላቸው። ሾዴ ግን ድንኳኑ መሃል ቆሙ። ሰው ሁሉ እያየ ነጠላቸውን ከትከሻቸው አወረዱና ገለበጡት፤ ጥለቱን ወደ አንገታቸው አድርገው፣ የቅርብ ዘመድ የሞተበት ሰው እንደሚለብሰው ለበሱት። ሩቲ ከአክስቶቿ ጋር ወደተቀመጠችበት ፍራሽም ሄዱ።

«ጠጋ በይልኝ፣ ልጄ» አሉ።