በጨዋታው ሳምንት ድልድይ አይሻገሩም

«ማዶዎቹ አንድም ሰው አልፈረሙም» ይላል ነዳጅ ቀጂው ሆይት። ሰኞ አለ፤ ማክሰኞ ቤንዚን ሲቀዳ ደገመው፤ ረቡዕ ቅቅል ኦቾሎኒ በወረቀት ከረጢት እያቀበለ ሰለሰው። ማን ነገረህ ሲሉት አገጩን ወደ ወንዙ ይቀስራል፤ ወንዙ መጥቶ የነገረው ይመስል።

ሉዲ ታርቨር ይህን ሁሉ የምትሰማው የአራት መቶ አሥራ ሁለት የአላባማ ሰው ፊርማ ቦርሳዋ ውስጥ ይዛ ነው። ጣሪያና ግድግዳ ያለው ያ አሮጌ የእንጨት ድልድይ እንዳይፈርስ፣ የሁለቱም ዳርቻ ፊርማ በአንድ ፖስታ ታሽጎ እስከ አርብ አሥራ አንድ ሰዓት መንገድ ቢሮው መድረስ አለበት። ድልድዩ ከፈረሰ ከወንዙ ማዶ ጆርጂያ ያገባችው እህቷ ኦዜላ የአሥር ደቂቃ የእግር መንገድ መሆኗ ይቀርና የስልሳ ኪሎ ሜትር ዙሪያ ጥምጥም ትሆናለች። ኦዜላ መኪና ነድታ አታውቅም። ሉዲም ዓይኗ ከደከመ ወዲህ መንጃ ፈቃዷን መልሳለች።

ታዲያ ተሻግራ አትጠይቅም? አትጠይቅም። የጨዋታው ሳምንት ነዋ! የወዲህና የወዲያ ማዶ ኮሌጆች ቅዳሜ በእጅ በሚያዘው የአሜሪካ ፉትቦል ስለሚጋጠሙ፣ ከቀደመው እሑድ ጀምሮ ድልድዩን የሚሻገር የለም፤ ማዶ የሚደውልም የለም። ቀድሞ የተሻገረ፣ ቀድሞ የደወለ፣ ቡድኑን አስበላ ማለት ነው። ይህን የሚያምኑት ደግሞ ሕፃናት እንዳይመስሏችሁ። ዲግሪያቸውን ግድግዳ ላይ የሰቀሉ ሰዎች ናቸው።

ሐሙስ ሉዲ ድልድዩ አፍ ላይ ቆመች። አንድ እግሯን ሳንቃው ላይ አሳረፈች። ከኋላዋ የሆይት ፒካፕ ጡሩምባውን አንባረቀ።

«ሚስ ሉዲ! ሃምሳ ዓመት ሙሉ ሳይከዱን ዛሬ ሊሸጡን ነው?»

«ዝም በል አንተ! እግሬን እያፍታታሁ ነው።»

«ወደዚህ ያፍታቱት እንጂ! ደግሞ አልፈረሙም አልኩዎት እኮ። ለባዶ ወረቀት ብለው ነው የሚያስበሉን?»

እግሯን ሰበሰበች። አስበላችን መባልን ከሞት አብልጣ ትጠላለች፤ ሆይት ደግሞ አገር ምድሩን ሳያዳርስ አያድርም።

አርብ አሥራ አንድ ሰዓት ሆነ፣ አለፈ። ቅዳሜ የነሉዲ ቡድን ሠላሳ አንድ ለሦስት ተሸነፈ። ማንም ሳይሻገር።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሉዲ ተሻገረች። የሚፈርስበት ቀን የተጻፈበት ቢጫ ሰሌዳ ድልድዩ ላይ ተቸንክሯል። ኦዜላ በረንዳዋ ላይ ተቀምጣ ከሩቅ አየቻት።

«መጣሽ እህትዓለም? ሦስቷን ነጥብ እንኳ አዝነንላችሁ ነው የሰጠናችሁ።»

«አፍሽን ያዢ! ይልቅ አንድ ፊርማ እንኳ ብታሰባስቡ ምን ነበረበት?»

ኦዜላ ሳቋን ዋጠች። ቤት ገብታ የጫማ ካርቶን ይዛ ወጣችና በረንዳው ላይ አረፍ ያለችው ሉዲ ጉልበት ላይ አስቀመጠችው። ስድስት መቶ አርባ ስም፣ ስድስት መቶ አርባ ፊርማ።

«መጥተሽ ትወስጃለሽ ብዬ ጠበቅሁሽ» አለች። «ሰኞ ጠዋት ነው ያለቀው።»