የተዘለለችው ጳጉሜን

ጳጉሜን ሦስት፣ የሩፋኤል ዝናብ የካ አባዶን ሲያጥብ፣ ትርሓስ ሻሿን አውልቃ ፀጉር አልባ ራሷን ከበረንዳው ወደ ውጭ ሰጥታ ነበር። ኮንዶሚኒየሙ ከመሬት ተነቅሎ ቀስ እያለ ወደ ደመናው የሚንሳፈፍ ይመስላል። ግቢው ውስጥ ጠበል ነው ብለው የሚቦርቁት ልጆች ጩኸት ከውኃ ስር እንደሚመጣ ሆኖ ይሰማል።

ልጇ ረሆቦት የያዘችው የቀጠሮ ካርዱን ነው። የእናቷ የጡት ካንሰር አጥንት ውስጥ ከገባ ወዲህ ኬሞው በየሃያ አንድ ቀኑ ነው። ያለፈው ነሐሴ 17 ተሰጠ፤ ካርዱ ቀጣዩን «መስከረም 8» ይላል። ስልኳ ላይ ስትቆጥር ግን መስከረም 3 መጣ። በጣቷ ቆጠረች። አሁንም 3።

«እማ፣ ነርሷ ጳጉሜንን ዘላታለች! አምስት ቀን ሊያልፍብሽ ነው!»

«አውቃለሁ፤» አለች ትርሓስ ዓይኗን ሳትገልጥ። «ስትጽፍ አይቻታለሁ።»

«አይተሽ ዝም አልሽ?»

«ጓለይ፣ ልጄ፣ እህቴ መስከረም 4 ከመቐለ ትገባለች። ከተያየን ስድስት ዓመት! ቦሌ በእግሬ ቆሜ ልቀበላት እንጂ እዚህ ባልዲ አቅፌ ልጠብቃት?»

እውነቷን ነው፤ ከኬሞው ማግስት ጀምሮ ሦስት ቀን ስለሚያስመልሳት ባልዲው ከአጠገቧ አይርቅም።

«በሽታው ግን ጳጉሜን አያውቅም።»

«እንግዲያ እሱም እንደ ነርሷ ይዝለላታ!»

ረሆቦት አልሳቀችም። ሲስተር ፈትያ ጋ ደወለች።

«ያ አላህ! ጳጉሜንን ረሳኋት፤» አለች ነርሷ። «በቃ፣ መስከረም 3 ጠዋት አምጪያቸው።»

«እሺ» የሚለው ቃል አፏ ላይ ደርሶ ነበር። እናቷን አየቻት። ትርሓስ አሁን ዓይኗን ገልጣ፣ ዝናቡ ውስጥ አንድ ሰው ሻንጣ እየጎተተ ሲመጣ የሚታያት ይመስል ፈገግ ብላለች።

«ሲስተር፣ ስንት ቀን ቢዘገይ ችግር የለውም? እባክሽ ሐኪሙን ጠይቂልኝ።»

«ቆይ፣ ልጠይቃቸው፤» ብላ ነርሷ ስልኩን አስቀመጠች። ዝናቡ ብቻ ያወራል። ረሆቦትን ደመናው በረንዳው ላይ እስኪቀመጥ ድረስ የቆየች መሰላት።

«እስከ 5 ይሁን ብለዋል። ከዚያ ወዲያ ግን አንዲት ቀን የለችም።»

ረሆቦት ስምንትን ሰርዛ አምስት ጻፈች። ጠብታ ወድቆበት ቀለሙ ትንሽ ፈሰሰ።

«ሁለት ቀን ሰጥተውሻል፤ እህትሽን ተቀብለሽ በማግስቱ ትሄጃለሽ።»

«የቀሩት ሦስቱስ?»

«ለጳጉሜን መልሺላት።»

«እሺ፣ መለስኩ፤» አለች ትርሓስ፤ በእፍኟ የሞላውን ዝናብም ልጇ አናት ላይ ደፋችባት።