በገል የሄደ እሳት

ባለቤቴ በለጠች ያረፈችው ኅዳር 20 ቀን 2010 ዓ.ም.፣ ረቡዕ፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ሰዓቱን አልረሳውም። ሌላ ቀን ቢሆን በዚያ ሰዓት ምድጃው ሥር አጎንብሳ አመድ የምትገልጥበት ነበር። ማታ እሳቱን ስትዳፍን በአመዱ ላይ በጣቷ መስቀል ታሰምራለች፤ ጠዋት «በስመ አብ» ብላ ያንኑ መስቀል ትገልጠዋለች። ከሥሩ ፍሙ ቀይ ሆኖ ይጠብቃታል። ሠላሳ አራት ዓመት አብረን ስንኖር ጸሎቷ ከዚህ ሲረዝም አልሰማሁም።

በመጨረሻዎቹ ወራት ደግሞ ፍሙን ከገለጠች በኋላ በገል፣ በሸክላ ስባሪ፣ የሆነ ነገር ይዛ ትወጣለች። አመድ ልትደፋ ይመስለኝ ነበር። ጠይቄያት አላውቅም።

የምንኖረው ከደብረ ታቦር ወደ ጋፋት ሲኬድ፣ ከመንገዱ ዝቅ ብሎ ነው። እኔ ይርጋ በዚያን ጊዜ የመንደራችን እድር ዳኛ ነበርሁ። ፊደል የለየሁት ጎልምሼ፣ ከልጆቼ ደብተር ላይ ነው። ዘግይቶ የተማረ ሰው የጻፈውን አብዝቶ ይወዳል። የእድሩን ደንብ የጻፍሁት እኔ ነኝ። አንቀጽ አራት እንዲህ ይል ነበር፦ ጡሩንባ ተነፍቶ ያለ በቂ ምክንያት ሦስት ቀብር የቀረ ከእድር ይወጣል፤ ከወጣ በኋላ ሬሳ አይነሣለትም፣ ወንፈል አይገባለትም፣ እሳት አይጫርለትም።

ካሳው ከቤታችን በታች ካለው ወንዝ ማዶ ከእናቱ ከእማማ ዓይናለም ጋር የሚኖር ገበሬ ነው። ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሞላውም አላገባም። በ2009 ዓ.ም. ክረምት ከመግባቱ በፊት ሦስተኛ ቀብር ሲቀር በሚካኤል ደጀ ሰላም ጠራነው።

«ጡሩንባውን አልሰማህም?» አልሁት።

«ሰምቻለሁ።»

«ታመህ ነበር?»

«ደኅና ነበርሁ።»

«ታዲያ?»

«ሥራ ነበረብኝ።»

ጸሐፊያችን ጌጡ ሳቀ። «ሥራ! እኛማ ሥራ ፈቶች ነን። ቀብር የምንሄደው እግራችንን ለማፍታታት ነው።»

ሰዉም አብሮት ሳቀ። ካሳው መሬት መሬቱን ያያል። ወደ ጎን ወስጄ አንድ ጥያቄ ብጨምር ይነግረኝ ነበር ብዬ ዛሬ አስባለሁ። አልጨመርሁም። ወረቀቱን አውጥቼ አንቀጽ አራትን ጮክ ብዬ አነበብሁ።

ከዚያ ወዲያ ካሳው ቤተ ክርስቲያንም ቀረ። እማማ ዓይናለምንም ያያቸው የለም። ድሮ በአገሩ ሙሾ የሚያወርዱት እሳቸው ነበሩ፤ ደረቅ የተባለውን ሰው ሁሉ ያስለቅሱት ነበር። «በልጃቸው ሥራ አፍረው ነው የተደበቁት» ተባለ። እኔም አመንሁ።

በለጠች በጥቅምት መጨረሻ ታማ ወደቀች። ሐኪም ቤት ብንወስዳት ጉበቷ እንደ ተጎዳ፣ ቤቷ ብትሆን እንደሚሻል ነገሩን። ኅዳር 17 እሑድ ማታ፣ እሳቱን እየዳፈንሁ ሳለ ከመደቡ ላይ ጠራችኝ።

«ይርጋ፣ ነገ ጠዋት እሳት ውሰድላቸው።»

«ለማን?»

«ለእማማ ዓይናለም። እኔ ከተኛሁ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ማንም አልሄደላቸውም።»

ገሉ በየጠዋቱ ወዴት ይሄድ እንደ ነበር ያን ጊዜ ገባኝ።

«አንቺ ሴት! ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«አንተ ካነበብህበት ማግስት ጀምሮ።»

«ደንብ እኮ ነው!»

«እኔ እንደሁ ማንበብ አልችል» አለች። ጉልበት ቢኖራት ትስቅ ነበር።

«ክብሪት የላቸውም?»

«ክብሪትማ አላቸው። ሰው ነው የሌላቸው።»

«ካሳው ለምን እንደ ቀረ ነግሮሻል?»

«ነግሮኛል። አንተም ሄደህ ጠይቀው። የሱ ገመና ነው፤ በኔ አፍ አይወጣም።»

«እኔ ዳኛው፣ ሰው እያየኝ ገል ይዤ ወንዝ ልሻገር?»

«አዎ፣ አንተ ዳኛው። እኔ እሳት ከልክዬ እንዴት ልቁረብ ብዬ ነው። ሌላ ነገር የለውም። ከሞትሁ በኋላ ደጃቸው እንዳይዘጋ።»

ሰኞ ጠዋት አልሄድሁም። ማክሰኞ ፍሙን ገል ላይ አድርጌ እስከ በራችን ወጣሁ። ጌጡ ነጭ ጤፉን ሊወቃ በሬዎቹን ወደ አውድማ እየነዳ በመንገዱ ሲያልፍ አየሁት። ገሉን ከግድግዳው ሥር አስቀመጥሁና «እንዴት አደርህ» አልሁት። ተመልሼ ስገባ በለጠች ወደ እጄ አየች። በማግስቱ ሞተች።

ሬሳው ከቤት የወጣው በስምንት ሰዓት ነው። ወደ ሚካኤል የሚወስደው መንገድ ወንዙን ተሻግሮ በካሳው አጥር ሥር ያልፋል። ካህናቱ ፍትሐት ሊያደርሱ እዚያው አጠገብ ቆሙ፤ ቃሬዛውም ወረደ። ያን ጊዜ የካሳው በር ተከፈተ።

እናቱን አዝሎ ወጣ። እንደ ሕፃን በጋቢ ጠፍንጎ ነው ያዘላቸው። የእማማ ዓይናለም እግሮች ከወገቡ ግራና ቀኝ ተንጠልጥለዋል፤ እንደ ሸንበቆ ቀጥነዋል።

ጌጡ ፊቱ ቆመ። «ካሳው፣ ተመለስ። አንተ ከእድር ወጥተሃል።»

«ለእድሩ አልመጣሁም። እትዬ በለጠችን ልሸኝ ነው።»

«እናትህንስ ምን ብለህ አዝለህ ታመጣለህ?»

«ትቻቸው መምጣት አልችልም» አለ ካሳው። ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር። «ለብቻቸው ከተውኋቸው ልብሳቸውን ጥለው ይወጣሉ። አንድ ቀን ከወንዝ ነው ያወጣኋቸው። እኔንም አንዳንዴ አያውቁኝም።»

«ከመቼ ወዲህ?»

«ሁለት ዓመት አለፈው።»

«ታዲያ ያን ጊዜ ብትናገር ምን ነበር?»

«ምን ብዬ? ዓይናለም አበደች እንድትሉ? ለአገሩ ሁሉ ያለቀሱ ሴት መሣቂያ እንዲሆኑ?»

ጌጡ ወደኔ ዞረ። ሰዉም ወደኔ ዞረ። ሐዘንተኛም ብሆን ዳኛው እኔ ነበርሁ፤ ደንቡም በኪሴ ነበር።

አፌን ሳልከፍት እማማ ዓይናለም ከልጃቸው ጀርባ ቀና አሉ። ቃሬዛውን አዩት። የልጃቸውን ስም የረሱት ሴት ድምፃቸውን አልረሱትም። ከድሮው የቀጠነ ቢሆንም ያው ድምፅ ነበር፦

«ማለዳ ማለዳ እሳት የጫረችኝ፣
ደጄን ማን ይከፍታል እሷ ከቀረችኝ።»

ሴቶቹ ተቀበሏቸው። ወንዶቹ ግን እርስ በርስ ተያዩ። የዳኛው ሚስት የዳኛውን ደንብ ስታፈርስ እንደ ኖረች አገር ሰማ። ጌጡ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «እውነት ነው?» አለኝ።

«እውነት ነው» አልሁ፣ ሁሉም እንዲሰማ። «እኔም እንድወስድ አዝዛኝ ነበር። ሰው ፈርቼ ቀረሁ።»

ወደ ካሳው ሄድሁ። «እማማን ለኔ ስጠኝ። አንተ ቃሬዛውን ያዝ።»

«እርስዎ? ዛሬ? ኧረ አይሆንም፣ ጋሼ ይርጋ!»

«ፍታቸው አልሁህ።»

ጋቢውን ፈቶ በጀርባዬ አሰረልኝ። እንደ እስር ገለባ ቀላል ነበሩ። ካሳው ከፊት በኩል የቃሬዛውን እጀታ ለመያዝ ሲሄድ፣ ያን ቦታ ይዞ የመጣው ጌጡ ነበር። ለቀቀለት። ጌጡ ለቅሶ ላይ ቦታ ሲለቅ ከዚያ በፊት አላየሁም።

ሚስቴን ልቀብር የሄድሁት እንግዲህ ሰው አዝዬ ነው። ዳገቱን ስንወጣ እማማ ዓይናለም በጆሮዬ «ማን ሞቶ ነው፣ ልጄ?» ይሉኛል። «በለጠች ናት» እላቸዋለሁ። «ውይ! በለጠች?» ብለው እንደ አዲስ ያለቅሳሉ። ጥቂት ሄደን ደግሞ «ማን ሞቶ ነው?» ይላሉ። እስከ ሚካኤል ድረስ ስንት ጊዜ እንደ ነገርኋቸው አላውቅም። በመጨረሻ አብሬያቸው አለቀስሁ። እስከዚያ ሰዓት አላለቀስሁም ነበር።

ያን ማታ እሳቱን ዳፍኜ መስቀሉን በጣቴ አሰመርሁ። ጠዋት ለለቅሶ ያደረው ሰው እያየ ፍሙን በገል ይዤ ወጣሁ። ወንዙ ጋ ስደርስ ጣቴ ተቃጠለ፤ ለካ ከፍሙ በታች አመድ ይነሰነስ ኖሯል። ጠይቄያት ቢሆን ኖሮ በለጠች ይህን ስትነግረኝ ደስ ይላት ነበር።

ካሳው በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ምድጃቸው አጠገብ በለጠች በመጨረሻ ያመጣችው ገል ተደፍቶ ነበር፤ አልጣሉትም። ፍሙን አፈሰስሁና ካሳው አጠገብ ተቀመጥሁ።

«ባለፈው አልጠየቅሁህም፤ ይቅር በለኝ» አልሁት።

«እኔም አልተናገርሁም፤ ይቅር ይበለን» አለ። ስለ በለጠችም ነገረኝ። «በየጠዋቱ እሳቱን ያፈሱና የእናቴን ጸጉር አበጥረው ይሄዳሉ። አንድ ቀን እንኳ ‹ቤተ ክርስቲያን ለምን ቀረህ› አላሉኝም። እኔ ነኝ ለብቻዬ የማስበው። እኒህ ሴትዮ ስሙን እየጠሩ የሚገቡት አምላክ የኔን ደጅ አልረሳውም ማለት ነው እላለሁ። ልመለስ ልመለስ እያልሁ ሳለሁ ታመሙ አሉኝ።»

በሰልስቱ እድሩ ተሰበሰበ። አንቀጽ አራትን አውጥቼ በእጄ ሰረዝሁት። በቦታው ጌጡ እኔ እየነገርሁት ጻፈ፦ ቀብር የቀረ ሰው ቢኖር ዳኛው ራሱ ቤቱ ሄዶ ይጠይቀው። ጌጡ ብዕሩን ሳያነሣ «እሳት ይዞ ነው ወይስ ባዶ እጁን?» አለኝ። የቀለደ መስሎኝ ነበር። አልቀለደም፤ «እሳት ይዞ» ብሎ ጨመረበት።

በቀጣዩ እሑድ ካሳው እናቱን አዝሎ ቅዳሴ መጣ። ከዚያ ወዲያ በቀብርና በሰንበት ቀን ከእማማ ዓይናለም ጋር የሚቀመጥ ሰው በተራ ተመደበላቸው።

እማማ ዓይናለም ሰኔ 7 ቀን 2010 ዓ.ም. ዐረፉ። ጡሩንባው ሲነፋ የቀረ ሰው አልነበረም። መቃብራቸውን የቆፈረው ጌጡ ነው።