ቅጠሉ እስኪገፋው

የመጀመሪያውን ቅርንጫፍ በአውራ ጣቷ ጥፍር ፋቅ አደረገችው። ከቅርፊቱ ስር አረንጓዴ መታየት ነበረበት። የታየው ግን ቡናማ ነው፤ ደርቆ እንደ ክብሪት እንጨት ቀልሏል። ተማሪዋ ጣቷን በሱሪዋ ላይ ጠረገችና ሁለተኛውን ችግኝ ወደ ራሷ ሳበች።

በችግኝ ጣቢያው ጥላ ስር ያሉት የማንጎ ችግኞች ሰባት ናቸው። የሁሉም አናት ተቆርጦ፣ በግንዳቸው ስንጥቅ ውስጥ ከአንድ ዛፍ የመጣ ቅርንጫፍ ተሰክቷል። ስንጥቁ በጥብጣብ ተጠቅልሏል፤ ቅርንጫፉ ደግሞ እርጥበቱ እንዳያመልጥ ጠባብ የላስቲክ ከረጢት ለብሶ አንገቱ ላይ በሲባጎ ታስሯል። ዛፉ ራሱ ዛሬ የለም። የመስኖው ቦይ ተማሪዋ ቤታቸው ባረፈችባቸው በእማማ ጓሮ እንዲያልፍ ሲወሰን መንገዱ ላይ ቆሞ ተገኘና ተቆረጠ።

የተከለችው የእማማ ልጅ ነበረች። ገና በልጅነቷ የመጠጠችውን ፍሬ ጓሮ ቀብራ «ነገ ይበቅላል» ብላ ተኛች፤ በማግስቱ ሳይበቅል ሲቀር ስታለቅስ ዋለች። እሷ አድጋ፣ እሱም አድጎ፣ አንድ ክረምት ትኩሳት እሷን ወሰዳት። እሱ ቀረ። ተማሪዋ የእርሻና የማኅበረሰብ ልማት ትምህርቷን በተግባር ልምምድ ልትጨርስ ከሌላ አገር ስትመጣ ያረፈችው በሟቿ ክፍል ነው። የሟቿ ቦቲ ጫማ እንኳ ልክ ሆናት።

እማማ እምቢ ቢሉ የሚያስገድዳቸው አልነበረም። የሰፈሩ ሰው ዛፉ ይቆረጥ ብሎ ደጃፋቸው ድረስ መጥቶ ሲለምናቸው እሺ አላሉም። እሺ ያሉት በኋላ፣ ተማሪዋ አጠገባቸው ቁጭ ብላ በሚሰባበረው አነጋገሯ፣ «አይሞትም፣ እማማ። ቅርንጫፉን በሌላ ግንድ ላይ አበቅለዋለሁ» ስትላቸው ነው።

«እንደሱ ይሆናል?»

«ይሆናል።»

ያላመነችበትን አልተናገረችም። እጇ ጥሩ እጅ ነው፤ ብዙ አዳቅላ ብዙ ይዞላታል። የጣቢያው ኃላፊ፣ የመግረዣ መቀሱን ከእጁ ስለማይለይ ሁሉም «መቀስ» የሚሉት ሰውዬ፣ ዛሬ ጠዋት ሻንጣዋን ሲያይ «እንኳን ሄድሽ! ትንሽ ብትቆዪ እኔን ያባርሩኝ ነበር» ብሎ ከሳቀ በኋላ ፊቱን አዙሯል። ከምሳ በኋላ መኪናው ይወስዳታል።

ሁለተኛውም ቡናማ ነበር።

ሦስተኛውን ልትፈታ ስትል እጇ ቆመ። እሷ ስታስር ሁለት ጊዜ አጥብቃ ቋጥራ ጫፉን ዝም ብላ ትተወዋለች። ይህኛው ሲባጎ ግን ሁለት ጆሮ አለው፤ እኩል የወጡ ሁለት ቀለበቶች፣ ጫፋቸው ተስተካክሎ የወረደ። ትንሽ ልጅ ትምህርት ቤት ስትሄድ ፀጉሯ የሚታሰረው እንዲህ ነው። አራተኛውን አየች። አምስተኛውን፣ ስድስተኛውንም አየች። ከዚያ ቀድማ በቢላዋ ወደበጠሰቻቸው፣ እግሯ ስር ወደወደቁት ሁለቱ ጎንበስ አለች። እነሱም ጆሮ ነበራቸው። የቀሩትን አራቱንም በቢላዋ በጥሳ ፋቀቻቸው፤ ሁሉም ቡናማ ናቸው።

እማማ አመሻሽ ላይ ወደ ጣቢያው ጎራ እንደሚሉ ታውቃለች። «እንዴት ዋሉ?» ይሉ ነበር ስለ ችግኞቹ፣ ስለ ሰው እንደሚጠይቁ። እሷ ዕቃ ስታጥብ፣ እሳቸው ጥላው ስር ብቻቸውን ትንሽ ይቆያሉ። ቆመው የሚያዩ መስሏት ነበር። ለካ ላስቲኩን ይፈቱት ነበር፤ ቅርንጫፉን አይተውት፣ ምናልባትም በጣታቸው ዳበስ አድርገውት፣ አሳምረው መልሰው ያስሩታል። እርጥበቱም በየምሽቱ አብሯቸው ይወጣል።

«ማነው የነካካው?» አለ መቀስ ከጀርባዋ። እሱም ቋጠሮውን አይቷል። «ይሄ እኮ በየቀኑ ከተከፈተ...»

«አውቃለሁ፣ ጋሼ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እባክዎ።»

እማማ በሩ አጠገብ በተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጠው ነበር። ተነስተው መጡ። ነጠላቸው ንጹህ ነው፤ ለዚህ ቀን የለበሱት ይመስላል።

«ቀና በይና ንገሪኝ፣ ልጄ።»

«ስድስቱ አልያዙም፣ እማማ።»

«ለምን?»

መቀስ አፉን ከፈተ። እሷ ቀደመችው።

«እጄ ነው። ቢላዋው ደንዝዞ ሳለ ቆረጥኩት። አበላሸሁት።»

ቢላዋዎቹን በየጠዋቱ የሚስለው መቀስ ነው። ስለታቸውን በክንዱ ፀጉር ላይ ሳይሞክር ለማንም አይሰጥም። መሬት መሬት እያየ ጉሮሮውን ጠረገ።

«የሳልኩት እኔ ነኝ» አለ። «የኔም ጥፋት አለበት።»

እማማ ሁለቱንም በተራ አዩዋቸው። ከዚያ በቀስታ ጎንበስ ብለው፣ እግሯ ስር ከወደቀው ሲባጎ አንዱን አነሱ። ቀለበቱ አልተፈታም። በሁለት ጣታቸው ይዘው ብዙ ቆዩበት፤ ፊታቸው ላይ የነበረው ጥያቄም ሄደ።

«ሰባተኛውስ?» አሉ።

ሰባተኛው ጥግ ላይ፣ ከአፈር ጆንያዎቹ ጀርባ ነበር። ጆንያዎቹን አልፎ እጅ አይደርስም። መቀስ ገፋ አድርጎ አወጣው። ቋጠሮው የተማሪዋ ነው፤ ጫፉ እንደ ነገሩ ተንጠልጥሏል። ላስቲኩ ከውስጥ ላብ በላብ ሆኖ የሚያሳየው ነገር የለም። ወደ ብርሃን አዞረችው። ከጠብታዎቹ ኋላ ጠቆር ያለ ትንሽ ነገር አለ። እምቡጥም ሊሆን ይችላል፣ ሻጋታም።

ቢላዋዋን አነሳች።

«ተይው» አሉ እማማ።

«ሳላየው ልሂድ?»

«ተይው አልኩሽ። መቼ ነው የሚፈታው?»

«ቅጠሉ ላስቲኩን ሲገፋው።»

«እስከዚያ ማንም አይነካውም?»

«ማንም።»

«እኔም አልነካውም» አሉ እማማ። ሲባጎውን ከነቀለበቱ በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት።

ከምሳ በኋላ መኪናው መጣ። ተማሪዋ ቦቲውን አውልቃ በሩ ጋ ጎን ለጎን ልታቆመው ስትል እማማ ክንዷን ያዟት። «መንገዱ ጭቃ ነው» አሉ። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ መንገዱም አቧራ ነበር። መልሳ አደረገችው። አቅፈው ሳሟት፤ መቀስ ሻንጣዋን ጭኖ ሲያበቃ በመግረዣው የመኪናውን ጎን ኳ ኳ አደረገ።

መኪናው ሲዞር በኋላ መስኮት አየቻቸው። ባልዲውን ወደ ጥላው አስጠግተው ከሰባተኛው ችግኝ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ወደ መኪናው አልዞሩም፤ አላውለበለቡም። ሁለቱንም እጆቻቸውን ከጭናቸው ስር አስገብተው ተቀምጠውባቸዋል።