የእመቤታችን ላም

አባቴ ሃሞንድ ኑዛዜውን ሲናገር አልጋው ዙሪያ የነበርነው ቄሱ፣ ሁለት ጎረቤቶች፣ ወንድሜ አይቮና እኔ ነበርን። አባቴ በየመሐሉ እየሳለ ነፍሱን ለእግዚአብሔር፣ ለእመቤታችንና ለቅዱሳን ሁሉ፣ ሥጋውን ለደብራችን መቃብር ሰጠ። ዘንግቶ ላስቀረው አሥራት አንድ በግ ለመሠዊያው አለ። ቤቱንና እርሻውን ለአይቮ፣ አልጋውንና የመዳብ ድስቱን ለእኔ።

የቀረችው ላሟ ነበረች።

ባሌን ወረርሽኝ ሲወስደው ሳቢናን አርግዤ ነበር ወደ አባቴ ቤት የተመለስኩት። ከወለድኩ በኋላ ትኩሳት ያዘኝና ጡቴ ነጠፈ። ልጄን በሕይወት ያቆያት የዚያች ላም ወተት ነው። አይቮ ደግሞ ላሟን ለሥጋ ሻጭ ሊሰጣት እንዳሰበ መንደሩ ሁሉ ያውቃል።

«ላሜ ለእመቤታችን መብራት ትሁን» አለ አባቴ። «ምስሏ ፊት ያለው ሻማ እንዳይጠፋ።»

«አባባ፣ እመቤታችን ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ወተት የምትጠጣው?» አለ አይቮ።

«አንተ ይህን ሁሉ ዘመን ጠጥተህ መቼ ጠገብክ?»

ጎረቤቶቹ ሳቁ። እኔ ግን አልሳቅሁም።

ከቀብሩ በኋላ በነበረው እሑድ፣ ቅዳሴ እንዳለቀ ደጀ ሰላሙ ላይ ተሰበሰብን። ቤተ ክርስቲያን ላም ይኑራት እንጂ በረት የላትም። ስለዚህ ከምእመናኑ አንዱ ላሟን ይወስዳል፣ ወተቱም ጥጃውም የእሱ ይሆናል፣ በየዓመቱ ለመብራቱ ሰም ያስገባል። ላሟ ከሞተች ወይም ከጠፋች በራሱ ወጪ ይተካል። «የቤተ ክርስቲያን ላም አትሞትም» የምንለው ለዚህ ነው።

የደብሩ ንብረት ጠባቂ ጎድፍሬይ ገመዱን ይዞ «ማን ይወስዳል?» ሲል ጠየቀ።

አይቮ ቀደመኝ፤ ከማንም አብልጬ ሰም አስገባለሁ አለ። እኔ ያለኝ ከባሌ የቀረ አንድ ቀፎ ነው። ከዚያ የሚገኘውን ሰም ሁሉ እሰጣለሁ አልኩ።

«ዋሶቻችሁስ?» አለ ጎድፍሬይ። «ሁለት ሁለት ዋስ ጥሩ።»

አይቮ ዞር ዞር ብሎ አየ። አንዱ ጫማውን ያያል፣ ሌላው ደመናውን።

«ምን ታፈጣለህ አንተ?» አለችው አሮጊቷ ሮሂስ። «ዛሬ ዋስ ብሆንህ ነገ ላሟን ከሥጋ ሻጩ ገበታ ላይ ልለቅማት ነው?» ከዚያ እኔን እያመለከተች ወደ ጎድፍሬይ ዞረች። «ለአሚስ ዋስ እኔ ነኝ። አባቷ አጥሬን ገፍቶ ሁለት ክንድ መሬት ወስዶብኛል፤ ነፍሱን ይማረው እንጂ አልረሳሁለትም። እሷ ግን ባሌ ሲሞት ሰው ሁሉ ወረርሽኙን ፈርቶ ሲሸሽ ገብታ ገንዛልኛለች።»

አንድ ዋስ ቀረ። እዚያ ከቆሙት ብዙዎቹ እንደ እኔው ድሆች ናቸው፤ ላሟ ብትሞት የሚተኩበት የላቸውም። ሳቢና እቅፌ ውስጥ ማልቀስ ጀመረች። የእርሻ ባለቤት የሆነው አይቮ ጆሮው እስኪቀላ ድረስ ልጅቷን አያት።

«በቃ፣ በእኔ ስም ጻፈው» አለ ለጎድፍሬይ።

«ለማን?»

«ለእህቴ ነዋ! ለማን ይመስልሃል?» ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ጣቱን ቀሰረ። «ግን ስሚ፣ ላሟ ብትጠፋ ከፋዩ እኔ ነኝ። በየጥሻው አታሰማሪያትም። በእኔ ሜዳ ላይ ትግጣለች፣ ዓይኔ ሥር።»

«ያለ ክፍያ?» አለች ሮሂስ።

«አንቺ ሴትዮ፣ አጥርሽን ጠብቂ!»

ጎድፍሬይ ገመዱን እጄ ላይ አኖረው። ማንን ቀድሜ እንደማመሰግን ጠፋኝ፤ ላሟን ለመብራት ሰጥቶ ከሥጋ ሻጭ ያዳናትን አባቴን፣ ሮሂስን ወይስ ያን ግልፍተኛ ወንድሜን። ለሦስቱም በየተራ እጸልያለሁ ብዬ ላሟን ወደ ቤት ነዳሁ፤ ልጄ ርቧታል።