የእትዬ ኤርሜሊንዳ ወፎችና የተርቦቹ ድግስ

ኤርሜሊንዳ ዓይኗ ከደከመ ወዲህ ደስታዋ ሁሉ በጆሮዋ ነበር። ጠዋት ጠዋት በረንዳው ላይ ትቀመጥና፣ ከተንጠለጠለው ማጠጫ የስኳር ውሃ ሊመጥጡ የሚመጡትን ትንንሽ አበባ መጣጭ ወፎች ታዳምጣለች። አውራ ጣት የማያክሉ ፍጥረቶች ናቸው፤ ክንፋቸው ግን እንደ ስፌት መኪና ይጮኻል። በድምፃቸው ለይታ ስም ሁሉ አውጥታላቸዋለች። ቁጡው ‹ሻለቃው› ነው።

በዚያ ሰሞን ማጠጫውን ተርብ ወረረው። ወፎቹ ቀረብ ይሉና ይሸሻሉ። ኤርሜሊንዳንም አንዱ ተርብ ጆሮዋ ላይ ነደፋትና ከዚያ ወዲያ በረንዳውን እርም አለች። ታናሽ እህቷ ዴልፊና፣ እትዬዋ ቤት ውስጥ ኩርምት ብላ ስታያት ሆዷ ይባባል።

ያላደረገችው የለም። ማጠጫውን ከፀሐይ ወደ ጥላ አዞረችው፤ የሚንጠባጠብበትን ጠርዝ ጠረገች፤ ተርብ ቢጫ ይወዳል ሲሏት ቢጫውን ጌጥ ነቀለችለት። ተርቡ ጭራሽ ዘመዶቹን ጠርቶ መጣ።

«ዘይት ቀቢበት» አላት ባሏ አንሴልሞ።

«የወፎቹ ላባ ተጣብቆ ይቅር? ይልቅ አንተን ልቀባህ።»

አንድ ጠዋት እንደ ልማዷ አራት ኩባያ ውሃ በአንድ ኩባያ ስኳር አፍልታ እንዲበርድ አስቀመጠችና ወጣች። ስትመለስ አንሴልሞ ማንኪያ ሙሉ ስኳር ድስቱ ውስጥ ሲጨምር ደረሰችበት።

«ምን እያደረግክ ነው?»

«ኧረ ምንም... ውሃ ታበዢበታለሽ። ሚስኪኖቹ ቀኑን ሙሉ ክንፍ ሲያራግቡ አያሳዝኑሽም?»

ልትቆጣው አፏን ስትከፍት የራሷ ጥፋት ትዝ አላት። እሷም ለካ ማጠጫውን ስትሞላ በየቀኑ አንድ ማንኪያ ጣል ታደርግበታለች።

«እኔም እጨምርበታለሁ» የሚል ድምፅ ከጓዳ መጣ። ኤርሜሊንዳ ናት። «ዓይኔ ነው እንጂ እጄ የስኳሩን ጣሳ መቼ አጣው።»

ሦስቱም እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

«ስኳር እያበዛን ለተርብ ነው የደገስነው በሉኛ!» አለች ዴልፊና።

ያን ወፍራም ሽሮፕ በአሮጌ ሳህን አፍስሳ፣ ከአጥሩ ጥግ ከዘይቱና ዛፍ ሥር አኖረችው። ማጠጫውን አጥባ፣ ቀጭኑን ውሃ እንደ ደንቡ አዘጋጅታ፣ በሌላኛው የበረንዳው ጫፍ ሰቀለችው። ድስቱ አጠገብ ማንም ዝር እንዳይል አዘዘች። ከሰዓት በኋላ ተርቡ ሁሉ ዘይቱናው ሥር ነበር።

በማግስቱ ኤርሜሊንዳን ለምና አወጣቻት።

«ብነደፍ አንቺን እነድፍሻለሁ» አለች ኤርሜሊንዳ፣ ወንበሯን በእጇ እየፈለገች።

ዴልፊና ማጠጫውን አውርዳ መዳፏ ላይ አስቀመጠችላት። ጠበቁ። የስፌት መኪናው ድምፅ መጣ፤ ቀረበ፤ ቆመ። ትንሽዬ የወፍ እግር የእጇን ጣት ጨበጠች።

«ክብደት የለውም እኮ» አለች በሹክሹክታ፣ ፊቷ በርቶ። «ሻለቃው ነው?»

«ጉሮሮው ሐምራዊ ነው። ራሱ ነው።»

አንሴልሞ ከበሩ አንገቱን አሰገገ። «ጣፍጦት እንደሆን ጠይቂልኝ።»

«ዝም በል» አለችው ኤርሜሊንዳ። «እየጠጣ ነው።»