ጭንቅላት ውስጥ ያለ ብርሃን

መሪጌታ መልአኩ ስልኩን ከልጃቸው እጅ ተቀብለው ምስሉን አጥርተው ሊያዩ ወደ ደጃፉ ወጡ። ቀለም የነካው ጣታቸው መስታወቱ ላይ ቀይ አሻራ ተወ።

"በለጥሻቸው፣ ነይማ እዪ" አሉ ሚስታቸውን። "ጭንቅላቴ ውስጥ ብርሃን አለ።"

ስልኩን የሰጠቻቸው ልጃቸው ጸደንያ ናት። አምና አባቷ የጭንቅላት ዕጢ ወጥቶላቸው ጨረርም ወስደው ነበር። ዘንድሮ እዚያው ቦታ ላይ አንድ ነገር ታየ፤ የጨረሩ ጠባሳ ይሁን ተመልሶ የበቀለ ዕጢ ሐኪሞቹ ሊለዩት አልቻሉም። ዘመድ ተረባርቦ ሕንድ ድረስ ፔት ለሚባለው የምስል ምርመራ ላካቸው። በደም ሥር የሚሰጠው መድኃኒት ዕጢውን ፈልጎ ይይዛል፤ ጠባሳ ከሆነ ይጨልማል፣ ዕጢ ከሆነ ያበራል። ዛሬ ጠዋት የአዲስ አበባው ሐኪም ምስሉን ልኮ፣ ደውሎም ነግሯታል።

መሪጌታ ግን ከመካነ ሰላም እስከ ደጎሎ በቅዱሳን ራስ ዙሪያ ብርሃን ሲሥሉ የኖሩ ሰው ናቸው። ብርሃንን በምን ይጠርጥሩት?

"ተመስገን" አሉ በለጥሻቸው። ምሥራች ሲይዙ እግራቸው መሬት አይነካም፤ ነጠላቸውን ያዙ። "ጎረቤታችንን ፈንታዬን ላብስራት።"

በሽተኛ ፊት ክፉ አይወራም ይላል ያገሩ ሰው። ጸደንያም ዝም ለማለት ምንም አልቀራት። ዝም ካለች ግን አባቷ አዲስ አበባ አይመለሱም።

"እማዬ፣ ቆይ አትሂጂ" አለች። "አባ፣ ይሄ ብርሃን ደግ አይደለም። መድኃኒቱ ያገኘው ዕጢውን ነው። ኦፕራሲዮኑ ቶሎ ይደገም፣ አለዚያ ቀኝ እጅዎን ሽባ ያደርግብዎታል ብሏል ሐኪሙ።"

"ቢደገምስ?"

"ቢደገምም ስለ እጅዎ እርግጠኛ አይደለም።"

በለጥሻቸው የበሩ መድረክ ላይ ቁጭ አሉ። መሪጌታ ምስሉን ደግመው አዩና ስልኩን መለሱላት።

"አብሽሪ ልጄ። እንኳን ነገርሽኝ። ለነገ መኪና ያዢ።"

ቤት ውስጥ የተወጠረው ሸራ ላይ ቅዱስ ገብርኤል ዓይን የለውም። መሪጌታ ዓይን የሚሥሉት ክንፉም ልብሱም ካለቀ በኋላ ነው፤ ተቻኩሎ ዓይን ያስቀደመ ተማሪ ጆሮው ይጠመዘዛል። አሁን ግን ቀጭኗን ብሩሽ መርጠው ጥቁሩ ቀለም ውስጥ ነከሯት።

"ክንፉን ሌላ ሰው ይጨርሰዋል" አሉ። "ዓይኑን እኔ ልሣለው።"

ጸደንያ ሸራው እንዳይንቀሳቀስ ጫፉን ያዘችላቸው።